ዶሴው ሲከፈት፦ የቀይ ሽብር መዝገቦችና ወሬያቸው የጠፋ ሰዎቻችን



መንግሥት ሰው ሲገድል በጽሑፍ ያሰፍራል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ገዳይ ሥራውን ይደብቃል እንጂ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ማኅተም መትቶ፣ ግልባጩን ለሚመለከተው ክፍል ልኮ አያስቀምጥም ብለን እናስባለን። በአገራችን ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ደርግ ገድሏል፤ የገደለውንም ጽፏል። እነዚያ ወረቀቶች ኋላ በፍርድ ቤት ቀርበው ጻፊዎቹን ከሰሱ። ከዚያም በላይ፣ ልጁ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ዓመታት ለቆየ ወላጅ መልስ ሆኑ።

ኮሚቴው ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ፣ የመስጅዳችንን የአሠራር ታሪክ ሌሎች ወንድሞች ስለያዙት እኔ ይህን ርዕስ መረጥሁ። ምክንያቱም በኮልፌና በአካባቢዋ በሚገኘው ጀመዓችን ውስጥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ባላቸው፣ ወንድማቸው ወይም ልጃቸው ከቤት ተወስዶ ያልተመለሰላቸው ቤተሰቦች አሉ። መቃብራችን ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ቀብር የለም። የተሰገደባቸው ሰላተል ጀናዛም የለም። የእኔ ትውልድ ከቀይ ሽብር በኋላ የተወለደ በመሆኑ ነገሩን የምናውቀው ከአባቶቻችን አንደበትና ከመዝገቡ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ግድያ የተፈጸመው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ነበር። 60 ያህል የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና ሌሎች እስረኞች በከርቸሌ ተረሸኑ። በማግሥቱ ሬዲዮ ድርጊቱን «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ብሎ ለሕዝብ አሰማ። ክስ አልተመሠረተም፤ ተከራካሪም ዳኛም አልነበረም። ስብሰባ ግን ተደርጓል፤ ቃለ ጉባዔም ተይዟል። በቀጣዩ ነሐሴ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ መንግሥት በሕመም አረፉ ብሎ አስታወቀ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ነው። በሕመም ያረፈ ንጉሥ እንዲያ ባለ ቦታ ለምን ይቀበራል? አንዳንድ ጊዜ የተቀበረበት ቦታ ራሱ ምስክር ይሆናል።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለማርያም በአብዮት አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች አንሥተው ሰባበሩ። የዚያን ዘመን ሰዎች ይህን ቀን አይረሱትም። ለቀበሌ አብዮት ጥበቃ ጓዶች የጦር መሣሪያ ታደለ፤ «ነፃ እርምጃ» የሚባል ሥልጣንም ተሰጣቸው። ይህም ማለት አንድ የቀበሌ ታጣቂ ማንንም ሳይጠይቅ «ፀረ አብዮተኛ» ወይም «አናርኪስት» ያለውን ሰው መግደል ይችላል ማለት ነው። የቤት ለቤት አሰሳው፣ በየመንገዱ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ የተጣሉት ወጣቶች፣ ሬሳ ለመውሰድ የሄደ ቤተሰብ የጥይት ዋጋ ክፈል መባሉ፣ ይህ ሁሉ ከአባቶቻችን የሰማነው ነው። በእስር ቤት ውስጥ የነበረውን «ወፌ ላላ» የሚባለውን ግርፋት ያዩ ሰዎች ዛሬም እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ስለ ወረቀቱ አፈጣጠር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ነፃ እርምጃ» ቢሰጥም፣ ገዳዩ ለበላዩ ሥራ መሥራቱን ማሳየት ነበረበት። ቀበሌው ለከፍተኛው፣ ከፍተኛው ለደርግ ጽሕፈት ቤትና ለምርመራ ክፍል ሪፖርት ያቀርባል። እስረኛ ከአንድ እስር ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር መሸኛ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ተረካቢው ይፈርማል። ሊገደሉ የታሰቡ ሰዎች ስም ዝርዝር ለውሳኔ ወደ ላይ ይላካል፤ ውሳኔው ደግሞ በፊርማ ተመልሶ ይወርዳል። የአገራችን መሥሪያ ቤት ጠባይ የታወቀ ነው። አንድ ወንበር ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር እንኳ ወጪና ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሰው ነፍስም በዚያው መንገድ ሄደች። በወረቀቶቹ ላይ «ተገደለ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ «እርምጃ ተወስዶበታል» ነው የሚባለው። ቃሉን ያለዘቡት ለራሳቸው ሲሉ ይመስለኛል። ጸሐፊው ወረቀቱን ታይፕ አድርጎ ማታ ወደ ልጆቹ መመለስ ነበረበትና።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። ከሳምንት በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዘ። የደርግ ባለሥልጣናት እጃቸውን ሲሰጡ ወይም ሲያዙ፣ የየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት በአብዛኛው እንደነበረ ተገኘ። ያን ሁሉ ወረቀት ለምን አላቃጠሉትም? ጊዜው አጥሯቸው ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ግን ያ ወረቀት ወንጀል ነው የሚል ሐሳብ ለአብዛኞቹ ጨርሶ የመጣላቸው አይመስለኝም። ለእነርሱ የተከናወነ ሥራ ማኅደር ነበር።

ነሐሴ 2 ቀን 1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። አዋጁ ለመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሥራ ሰጠው፤ አንደኛው ወንጀለኞችን መክሰስ ሲሆን ሁለተኛው የተፈጸመውን ግፍ ለመጪው ትውልድ መዝግቦ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአቶ ግርማ ዋቅጅራ የተመራው ይህ ጽሕፈት ቤት በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ገጽ ሰነድ ሰብስቧል። በውስጡም የተፈረመባቸው የግድያ ትእዛዞች፣ የእስረኞች ስም ዝርዝር፣ የምርመራ ቃሎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባዔዎች፣ ፎቶግራፎችና የፊልም ቅጂዎች ነበሩ።

ዋናው ክስ በ73 የደርግ አባላትና ባለሥልጣናት ላይ ቀርቦ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ችሎቱ ተከፈተ። ክሱና የማስረጃው ዝርዝር 8,000 ገጽ ያህል ነበር። በ1989 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የተከሰሱት በጠቅላላ 5,198 ደረሱ፤ ከእነዚህ 2,246ቱ በእስር ላይ የነበሩ ሲሆን 2,952ቱ በሌሉበት የተከሰሱ ናቸው። ከላይ ካለው መሪ እስከ ቀበሌ ታጣቂ ድረስ ማለት ነው።

ነገሩ እጅግ ረዘመ። ፍርድ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ ችሎቱ ከተከፈተ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ከ73ቱ 14ቱ ሞተዋል፤ በችሎት ተገኝተው ፍርዳቸውን የሰሙት 33 ብቻ ናቸው። ከዚህም በቀር ብዙ ሰዎች ክስ ሳይመሠረትባቸው ዓመታት ታስረዋል፤ አንዳንዶችም ማስረጃ ሳይገኝባቸው ተለቀዋል። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ግፍን ለመፍረድ የተቀመጠ ችሎት ራሱ ሰውን ያለ ክስ ማቆየት አልነበረበትም፤ የተበዳይ እንባም ይህን ትክክል አያደርገውም።

ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱና ሌሎች ዋና ባለሥልጣናት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ ሞት አሳደገው።

በዚህ ፍርድ ውስጥ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የሕግ ነጥብ አለ። ክሱ የዘር ማጥፋት ወንጀል የሚለውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281ን ይጠቅሳል። በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት የዘር ማጥፋት የሚባለው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ምክንያት የሚፈጸም ነው። ኢትዮጵያ ያን ስምምነት በ1941 ዓ.ም. ከሁሉም አገሮች ቀድማ ያጸደቀች ናት። የራሷ ሕግ ደግሞ ከስምምነቱ አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ጨመረ። በመሆኑም የኢሕአፓ ወይም የመኢሶን አባል ነህ ተብሎ የተገደለ ሰው ጉዳይ በዚህ አንቀጽ ሊታይ ቻለ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ግን በዚህ አልተስማሙም። ደርግ ራሱ ባወጣው ሕግ ለፖለቲካ ቡድኖች የነበረውን ጥበቃ አንሥቶታልና ወንጀሉ መታየት ያለበት በከባድ የሰው ግድያ ነው ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን በጽሑፍ አሰፈሩ። የልዩነት ሐሳቡ ከፍርዱ ጋር አብሮ ተቀምጧል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሌሊት የተለየ ሐሳብ የሚጽፍ ዳኛ ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ነፍስ በዳነ!

አሁን ወደ ጀመዓችን ጉዳይ ልመለስ። ወሬው የጠፋ ሰው በፊቅህ «መፍቁድ» ይባላል። መኖሩም መሞቱም አልታወቀም። ይህ ለዑለማዎች ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በሐነፊይ መዝሀብ የመፍቁድ ሚስት የእድሜ እኩዮቹ አልቀዋል እስኪባል ድረስ ትጠብቃለች። በሻፊዒይ አዲሱ ቀውል መሠረት መሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ሚስቱ ናት። በማሊኪይ መዝሀብ፣ የሰይዲና ዑመርን (ረ.ዐ.) ፍርድ ይዘው፣ ጉዳዩ ለቃዲ ከቀረበ በኋላ 4 ዓመት ትጠብቅና የሞት ዒዳ ማለትም 4 ወር ከ10 ቀን ትቆጥራለች። የአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ 2 ዓመት ወሬው ያልተሰማን ሰው ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲያውጅ ይፈቅዳል። ሀብቱስ? በፊቅሁ ሚራሱ አይከፈልም፤ ድርሻው ተለይቶ ይቆያል።

በየመስጅዱ ያሉ ዑለማዎች ስለዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ተጠይቀዋል። ለእኔም አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ይህንኑ ጥያቄ አምጥተውልኛል። ባለቤታቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስደው አልተመለሱም። እኒህ እናት ሌላ ባል አላገቡም፤ ከል ለብሰውም አያውቁም። «ሸኽ፣ እኔ ምንድን ነኝ? ባለ ባል ነኝ ወይስ ባል የሞተብኝ? ዒዳ አለብኝ ወይ?» አሉኝ። «እናቴ፣ የተወሰዱበትን ቀን እንጂ የሞቱበትን የሚናገር ነገር አለዎት?» ብዬ ጠየቅሁ። ከቦርሳቸው አንድ የተጣጠፈ ፎቶ ኮፒ አወጡ። ዘመድ ከፍርድ ቤት መዝገብ ያስገለበጠላቸው ነው። ስማቸው ከሌሎች ስሞች ጋር በተራ ቁጥር ሰፍሯል፤ ቀን አለው፤ ማኅተም አለው።

ያ ወረቀት በፊቅህ ዓይን ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። ከብዙኃኑ ዑለማዎች አነጋገር፣ ዒዳ የሚቆጠረው ሚስት ወሬውን ከሰማችበት ቀን ሳይሆን ባል ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ የእኒህ እናት ዒዳ ከዓመታት በፊት አልቋል፤ ምንም ዕዳ የለባቸውም። ሚራሱም እንደዚሁ ነው። ወራሽ የሚሆነው ሟቹ በሞተበት ቀን በሕይወት የነበረ ብቻ ነው። የሟቹ አባት በዚያ ቀን በሕይወት ከነበሩ፣ ልጆች እያሉ የ1/6 ድርሻቸው ይታሰባል፤ ኋላ ቢሞቱም ያ ድርሻ ለእርሳቸው ወራሾች ያልፋል። ከዚያ ቀን በፊት ሞተው ከሆነ ግን ከልጃቸው ምንም አይደርሳቸውም። ሚስት ልጅ ካለ 1/8 አላት። የአንድ ቤት ወይም የአንድ ሱቅ ክፍፍል በዚያች ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ለዓመታት ይቆያል ማለት ነው። ወንድማማቾች በዚህ ሲጣሉ አይተናል። ገዳዩ ለበላዩ ሪፖርት ብሎ የጻፋት ቀን፣ እርሱ ፈጽሞ ባላሰበው መንገድ፣ የየቲሞችን ሐቅ ለየች።

ሰላተል ጋኢብም አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በሞቱበት ቀን ለሶሐቦች ሞታቸውን ነግረው፣ አሰልፈው፣ በአራት ተክቢራ ሰገዱባቸው። ሬሳው ሐበሻ ነበር፤ ሰጋጆቹ መዲና። ሻፊዒዮች ከዚህ ተነሥተው በሌለ ሬሳ ላይ መስገድን ሲፈቅዱ ሐነፊዮች ያንን ለነጃሺ ብቻ የተለየ ያደርጉታል። ይሁንና የሚፈቅዱትም ቢሆኑ ለመስገድ ሞቱ መታወቅ አለበት ይላሉ። ይሞት አይሙት ባልታወቀ ሰው ላይ አይሰገድም። ሰላቱን የከለከለን የመቃብሩ መጥፋት ሳይሆን የወሬው መጥፋት ነበር። ለእኒያ ባለቤት ግን ወረቀቱ ከመጣ በኋላ በነበረው ጁሙዓ በጀመዓ ሰግደናል።

መቃብር የተገኘላቸውም አሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የአጥንት ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሠርተዋል። በራሳቸው አገር ወታደሮች የሰወሯቸውን ሰዎች አጥንት ሲፈልጉ የኖሩ ናቸውና ሥራውን ያውቁታል። አዲስ አበባ ኮተቤ በተቆፈረ የጅምላ መቃብር ውስጥ አንገታቸው ላይ የናይሎን ገመድ ያለባቸው አጽሞች አገኙ። ወረቀቱ «እርምጃ» ያለውን አጽሙ ምን ዓይነት እርምጃ እንደነበረ ተናገረ። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገድለው የት እንደተጣሉ ሳይታወቅ ቆይተው፣ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለቱም በ1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበሩ። ይህን የምጠቅሰው ጎረቤቶቻችን የሆኑት ክርስቲያኖችም ልክ እንደኛው ሬሳ ፍለጋ መንከራተታቸውን ልጆቻችን እንዲያውቁ ነው።

መዝገቡ ባሕር ተሻግሮም ሠርቷል። የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ሄዶ በአትላንታ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በእርሱ ትእዛዝ የተገረፈች ኢትዮጵያዊት እዚያው ሆቴል ተቀጥራ ስትሠራ አየችው። እርሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ስለነበር በ1999 ዓ.ም. ተባርሮ መጥቶ ወኅኒ ወረደ። ሌላው በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ነው። ሆላንድ ገብቶ፣ ዜግነት አግኝቶ ዓመታት ኖሯል። ነሐሴ 1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ 75 ወጣት እስረኞች የተገደሉበት ጉዳይ ዘ ሔግ በሚገኝ ፍርድ ቤት ቀረበ። ድርጊቱን ክዶ ተከራከረ። ነገር ግን ፊርማው ያለባቸው የእስረኞች ሰነዶች ከኢትዮጵያ መዝገብ ወጥተው ቀረቡበት። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2014 ዓ.ም. ይግባኙም ውድቅ ሆነ። አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ የፈረመው ወረቀት 40 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ዘ ሔግ ድረስ ተከትሎት ሄደ።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ አባቶች የምሰማውን አንድ ነገር መንካት አለብኝ። «ደርግ እኮ ለእኛ ለሙስሊሞች ዒዳችንን ያወቀልን መንግሥት ነው፤ ምን አድርጎን ነው?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ከጠየቁት መካከል የዒድ በዓላት በብሔራዊ ደረጃ መከበር አንዱ ነበር፤ ደርግም ሥልጣን እንደያዘ ይህን ፈጸመ። ሐቅን ለባለቤቱ መመለስ ግን ስጦታ አይደለም። በዓሉን የጠየቁት በሰላማዊ ሰልፍ የወጡት ሰዎች ናቸው፤ ያገኙትም እነርሱው ናቸው። በዚያ ላይ፣ ዒዱን የፈቀደው መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰልፈኞቹን ልጆች ሲገድል፣ የሚቀጥለውን ዒድ ልጆቻቸው አልሰገዱም። በዓል ለደም ካሳ ሊሆን አይችልም።

በሌላ ወገን ደግሞ መዝገቡ የአንድ ወገንን ግድያ ብቻ የያዘ ነው የሚል ክርክር አለ። ተከሳሾቹ በፍርድ ቤት አጥብቀው የተከራከሩት በዚህ ነበር። ኢሕአፓም በከተማ የደርግ ሰዎችን፣ የቀበሌ ሹሞችንና ሌሎችንም ይገድል ነበር። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ላይም ተተኩሷል። እነዚያ የተገደሉትም እናት ነበራቸው። ነገር ግን በጎዳና ላይ የተተኮሰ ጥይት እጁ ታስሮ በመንግሥት ወኅኒ የተቀመጠን እስረኛ ማነቅን ትክክል አያደርግም። የታሰረ ሰው አማና ነው፤ የያዘው ሰው ይጠየቅበታል።

ወደ ይቅርታው ነገር እንምጣ። በ2003 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትን ጨምሮ የአራት ሃይማኖት መሪዎች ለተፈረደባቸው ባለሥልጣናት ምሕረት እንዲደረግ መንግሥትን ጠየቁ። አንዳንድ የሟች ቤተሰቦች ተቃወሙ። ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 20 ዓመት የታሰሩት ሽማግሌዎች በአመክሮ ተፈቱ። መሪዎቻችን ማማለዳቸውን አልነቅፍም፤ ማስታረቅ ሥራቸው ነው። ይሁን እንጂ በሸሪዓ የተገደለ ሰው ደም ባለቤት አለው። ቂሷስ የሚጠይቀው፣ ዲያ የሚቀበለው ወይም ዐፍው የሚለው ወራሹ ነው። ሌላው ሰው ይለምናል እንጂ አይሰጥም። ወራሹ ደግሞ ማንን፣ ለምኑ ይቅር እንዳለ ካላወቀ ዐፍው ብሏል ለማለት ያስቸግራል።

የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ የሚያገኘው ነገር አለ። ንጉሡ ከወኅኒ እንዲያወጧቸው ሲልክ፣ ዩሱፍ ወዲያው አልወጡም። መልእክተኛውን መልሰው የእነዚያ እጃቸውን የቆረጡ ሴቶች ጉዳይ እንዲመረመር ጠየቁ። በዛሬ አነጋገር፣ ከመፈታቴ በፊት ዶሴዬ ይከፈት ማለታቸው ነው። ሴቶቹ ተጠየቁ፤ የዐዚዙ ሚስት እውነቱን ተናገረች። ወንድሞቻቸውንም ይቅር ያሉት ኋላ ነው፤ እነርሱ ማን ፊት እንደቆሙ ካወቁና ጥፋታቸውን ካመኑ በኋላ። ስለዚህ «ያለፈ አለፈ፣ ለምን ይነሣል?» ለሚሉን ወጣቶች መልሴ ይህ ነው፤ ዶሴው መከፈቱ ይቅርታን አልከለከለም፤ እንዲያውም በአገራችን ይቅርታ ለመጠየቅ የተቻለው ዶሴው በመከፈቱ ነው።

ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሥራውን ሲያጠናቅቅ በ2002 ዓ.ም. «ደም ያዘለ ዶሴ» በሚል ርዕስ የሥራውን ዘገባ በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያው ዓመት በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፤ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞች፣ የሟቾች ፎቶግራፎችና ሰነዶች ይታዩበታል። መግቢያው ከባድ ነው፤ ሕፃናት ይዞ መሄድን አልመክርም። እስር ቤቶቹ ራሳቸው ግን እየጠፉ ነው። 60ዎቹ የተረሸኑበት ከርቸሌ፣ «ዓለም በቃኝ» የሚባለውን ክፍል ይዞ፣ ፈርሶ በቦታው ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ከኮልፌ ወደ ሜክሲኮ የምንወርድ ሁሉ ያን ረጅም ሕንፃ እናየዋለን፤ ከሥሩ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ተሳፋሪ ግን እያነሰ ነው። ማዕከላዊም ከዚያ በኋላ በመጡ ዓመታት ሌላ ትውልድ አሥሮ፣ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ።

ኮሚቴው ከዚህ መጽሔት ጋር አያይዞ በጀመዓችን ውስጥ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎችን ስም መዝገብ ጀምሯል። ለማስመዝገብ የምትመጡ ቤተሰቦች የሰውየውን ስም እስከ አያት፣ በዚያን ጊዜ የነበረውን የቀበሌና የከፍተኛ ቁጥር፣ የተወሰደበትን ቀንና ወር የምታስታውሱትን ያህል፣ የወሰደው የቀበሌ ጥበቃ ይሁን ወታደር፣ መጨረሻ ስንቅ የተቀበሉላችሁ በየትኛው እስር ቤት እንደነበረ ይዛችሁ ኑ። ስንቅ ተቀባዮቹ «ከእንግዲህ አታምጡ» ያሉበት ቀን የሚታወስ ከሆነ ያም ይጻፋል። የፍርድ ቤት ወይም የልዩ ዐቃቤ ሕግ ወረቀት ያላችሁ ፎቶ ኮፒውን ብቻ ስጡን፤ ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ። ወረቀት ለሌላችሁ ኮሚቴው የመደባቸው ሁለት ወጣቶች ከእናንተ ጋር ሄደው ያስፈልጋሉ። መዝገቡ ዘወትር ጁሙዓ ከሰላት በኋላ እስከ ዐስር ድረስ በኮሚቴው ቢሮ ክፍት ነው።